በነሐሴ የቀባችሁት ግድግዳ ጥር ላይ፦ የሰፈር ትምህርት ቤት ስታግዙ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሐምሌ ሲገባ የሰፈር ወጣቶች፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ለእረፍት የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባሉ። ልባቸው ንጹህ ነው፣ ጉልበታቸውም አይታማም። ጥር ላይ ያንኑ ግቢ ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን ቀለሙ ተላልጦ፣ ሮቶው ደርቆ፣ ኮምፒውተሩም ከነካርቶኑ ቢሮ ውስጥ ተደርድሮ ያገኘዋል። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው አይበቃውም።

በዝናብ መቀባት

ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። ከጣሪያ የሚወርደው መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው እግር ይረጫል፣ የመሬቱም እርጥበት ወደ ላይ ይሳባል። በነሐሴ የተቀባ ቀለም እስከ መስከረም አጋማሽ ያምራል፤ ፎቶውም የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ግድግዳው የያዘው ውሃ መውጫ ይፈልግና ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል። መጀመሪያ እንደተቃጠለ ቆዳ ይቋጥራል፣ ቀጥሎ ነጭ ጨው ብቅ ይላል፣ ከዚያ ተማሪው በጥፍሩ ይልጠዋል። ኅዳር ሳያልቅ ከወለሉ እስከ ልጅ ትከሻ ያለው ሁሉ ወርዷል። ውድ ቀለም መግዛት አያድንም። የዘይት ቀለም እንዲያውም ግድግዳውን ስለሚያፍነው ብሶ ይነሳል።

በክረምት የሚሠራው ሌላ ነው፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መፈለግ። ዝናብ ሲጥል ክፍሉ ውስጥ ቁሙና የሚያፈስበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አክብቡት። ሲያባራ ጣሪያ የሚወጣው ሰው ከምልክቱ ትይዩ ብቻ አይፈልግ፤ ውሃ በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ስለሚንጠባጠብ ወደ ጣሪያው አናት በኩልም ይመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ነው። መልሶ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ነቅላችሁ ወፈር ባለና ጎማ ባለው ሚስማር ተኩት። ከዚያ አሸንዳው ይጠረግ፣ የተገነጠለው ይታሰር። አሸንዳ ከሌለ ከጣሪያው ውሃ በሚወርድበት መስመር ቦይ ቆፍሩ፣ ቁልቁለቱም ከግድግዳው የሚርቅ ይሁን። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ግድግዳውን የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ቀለሙ ለጥቅምት ቅዳሜዎች ይቆይ። ያን ጊዜም ቢሆን ፈትኑት፦ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉና 24 ሰዓት ተዉት። ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ግድግዳው አልደረቀም፣ አትቀቡ። ደርቆ ከሆነ ጨዉን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። የቆየ የዘይት ቀለም ካለ ደግሞ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ልጆች በሌሉበት እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ፍቅፋቂውንም በላስቲክ ሰብስቡት። ሜዳው ላይ አይበተን።

ስለ መጠን፦ 8 በ7 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 90 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። በርና መስኮት 15 ካሬ ያህል ሲቀነስ 75 ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም ወደ 10 ካሬ ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 15 ሊትር ይበቃል፤ ልስኑ ሻካራ ከሆነ 20 ያዙ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ለመቀባት 28 ቀን ያህል ጠብቁ። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ገንዘብ መድፋት ነው። ጭቃው እንደ ወቅቱ ይነፋል ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶው ግን አይከተለውም፤ በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ጭቃ የሚጠገነው ጭድ ባለው ጭቃ ነው፣ ላዩም ኖራ።

ጥቁር ሰሌዳን በማንኛውም ጥቁር ቀለም መቀባት

የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ከቀባችሁት ጠመኔው ይንሸራተታል፣ ከመስኮት በኩል የተቀመጡት ልጆችም ከጽሑፉ ይልቅ የሚያዩት የመስኮቱን ብርሃን ነው። ለሰሌዳ ተብሎ የሚሸጠውን፣ የማያብረቀርቀውን ጠይቁ። ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቀቡ፣ በየመሃሉ ይድረቅ። ሲጨርስ ወዲያው አትጻፉበት። ጠመኔ በጎኑ አጋድማችሁ ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ አልብሱትና በዳስተር ጥረጉት። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ማስረከብ

ርዕሰ መምህር ይቀየራል። ከእሱ ጋር በቃል የተስማማችሁት ነገር አብሮት ይሄዳል። የምትሰጡት ዕቃ ሁሉ በሞዴል 19 (በመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ ቅጂውን ተቀበሉ። ገቢ ያልሆነ ወንበር ለመንግሥት የለም፤ ሲሰበር በጀት አይያዝለትም፣ ሲጠፋም የሚጠየቅ የለም። ገቢ ሆኖ ንብረት ክፍል ውስጥ የተቆለፈ ዕቃ ደግሞ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ሆኖ አንድ መምህር ካልፈረመበት ክፍል አይደርስም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሳታዩ «አስረክበናል» አትበሉ። ገንዘብ ከሆነ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አንድ ብርም አትስጡ።

ከዚያ በፊት ግን የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱን (ወተመህን) አነጋግሩ፤ ትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ አለው፣ ዕቅዱን አሳዩን በሉ። ብዙ ሰው ይህ ሰነድ መኖሩንም አያውቅም። ከዝርዝሩ ውስጥ በጀት ያላገኘውን ምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ራሱ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባል። እዚያ ደርዘን ደብተር ተሸክሞ መሄድ፣ የንጽህና መጠበቂያና የሰሌዳ ቀለም ላጣ ትምህርት ቤት የተገላቢጦሽ ነው።

መጽሐፍና ኮምፒውተር

ሥርዓተ ትምህርቱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀይሯል። ያለፈው ዘመን መማሪያ መጽሐፍ፣ የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን፣ መደርደሪያ ያጣብባል እንጂ አይጠቅምም። ከአሜሪካ በካርቶን የሚመጣ የልጆች መጽሐፍም ለ3ኛ ክፍል ልጅ ከባድ ነው፤ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፉ 20 ቀጫጭን መጻሕፍት በክፍሉ ጥግ በካርቶን ቢቀመጡ ቁልፉ ከማይገኝ ቤተ መጻሕፍት ይበልጣሉ።

ከአሜሪካ ኮምፒውተር የምትልኩ ዘመዶች፦ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፣ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ተብሎ ተጽፏል። ዴስክቶፕ ግን ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል። 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ውስጥ ከገባ ጧ! ብሎ ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል። ፕሪንተር ደግሞ 110 ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ።

ውሃና ሽንት ቤት

1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ በጣውላ እግር ላይ አይቆምም። ለ500 ተማሪ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ብታስቡት በአንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ማን፣ በየስንት ቀኑ፣ በምን እንደሚሞላው ሳይታወቅ ሮቶ አትግዙ። የቧንቧው አፍ ለታናናሾቹ ከመሬት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ከሥሩም ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ይኑረው። ያለበለዚያ አካባቢው በሳምንት ጭቃ ይሆናል። ቧንቧ ስትገዙ መለዋወጫም አብራችሁ ግዙ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ለ25 ሴት ተማሪ አንድ መቀመጫ፣ ለወንዶች ለ50 አንድ መቀመጫና መሽኛ ይላል። ቆጥራችሁ አወዳድሩ። ከአዲስ ግንባታ በፊት ግን ያሉት በሮች ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዳላቸው እዩ። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ያለ ሽንት ቤት እንደሌለ ይቆጠራል።

12ኛ ክፍል ላይ መረባረብ

በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ማጠናከሪያ የሚያስተምር ሁሉ 12ኛ ክፍልን ይመርጣል። ጉዳቱ ግን የሚጀምረው 1ኛ እና 2ኛ ክፍል ነው፤ የምታዩትም እዚያው ቁጭ ብላችሁ ነው።

አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ጥሩና «ሀ ሁ ሂ ሃ» እንዲል ጠይቁት። በዜማ ያወርደዋል፣ ሁላችሁም ታጨበጭባላችሁ። ከዚያ «ቤ»ን ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉለት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያለ በሹክሹክታ ከመጀመሪያው ተነስቶ «ቤ» ላይ ይደርሳል። ይህ ልጅ ፊደል አያውቅም፣ ዜማ ነው የሚያውቀው። በጣም የሚያናድደው ደግሞ በጎ ፈቃደኛው «እንደገና ከበ ጀምር» ብሎ ሲያርመው ነው፤ በሽታውን መድኃኒት ብሎ መስጠት!

ከደብተር ሽፋን ካርድ ቁረጡ። ሰባቱን «በ»ዎች በውዙና ከቃል ጋር አሳዩ፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላ፣ ባል፣ ቤት፣ ብር፣ ቦታ። ሳድስ (ስድስተኛው፣ «ብ») ላይ ቆዩ። ቅርጹ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ (ልን፣ ምን፣ ርን እዩ) ልጁ ሕግ ሊያወጣለት አይችልም። ድምፁም ሁለት ነው፤ «ብር» ውስጥ ብ ይደመጣል፣ ር ግን ባዶዋን ትቆማለች። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ «አለ» ን አንዴ «ተናገረ»፣ አንዴ «ይገኛል» በሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስነብቡት። ትምህርት ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚያስተምር ከሆነ በዚያው ሥሩ፣ አማርኛ አትጫኑ።

ልጆቹን በክፍል ሳይሆን በደረጃ መድቧቸው፦ ፊደል የማይለይ፣ ፊደል ለይቶ ቃል የማያነብ፣ ቃል እንጂ አንቀጽ የማይዘልቅ። ቡድኑ ከ10 አይብለጥ፣ ጊዜው ከ40 ደቂቃ አይርዘም፣ በሳምንት አራት ቀን። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሰው ይመደብ፣ አንዱ ሲቀር ሌላው ይይዛል። ሦስት ጊዜ ብቅ ብላችሁ የምትጠፉ ከሆነ ግን አትጀምሩ፤ ጎበዝ ቀለም ቀቢም ያስፈልጋል።

አጫጭሮቹ

በፈተና ሳምንት አትሂዱ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ «ከሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው» ብላችሁ አትገምቱ። ከአንድ ተማሪ ጋር በር ዘግታችሁ ብቻችሁን አትቀመጡ፣ ለማስጠናትም ቢሆን። ጫማ የሌለውን ልጅ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ ነገ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል።

አዲስ ዴስክ ከመግዛት በፊት የተሰበሩትን ቁጠሩ። ብረቱ ደህና ሆኖ ጣውላው ብቻ የተነሳ ብዙ ነው። ሚስማር አትምቱበት፣ ልጆቹ ሲወዛወዙበት በወር ይላላል። ብረቱንና ጣውላውን አብሮ በሚበሳ ቀዳዳ ቡሎን አስገቡ፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ፣ ከታች ዳዶ። የሚተርፈውን የቡሎን ጫፍ በብረት መጋዝ ቆርጣችሁ በሞረድ አለስልሱት፤ ቀሚስና ሱሪ የሚቀደው እዚያ ላይ ነው።