ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብሎ የጠፈር ድራማ መሥራት

"መተወን እችላለሁ፣ የሚጠራኝ ግን የለም" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እንዳትጠብቁ። የምትተውኑትን ራሳችሁ ጻፉት።

ሼርሎክ የሚባለውን የእንግሊዝ ድራማ ያየ ሰው ማርክ ጌቲስን ያውቀዋል፤ ጃንጥላ የማይለየው ታላቅ ወንድም፣ ማይክሮፍት ማለት ነው። ድራማውን ከስቲቨን ሞፋት ጋር የፈጠረው ራሱ ነው። ሁለቱም ካርዲፍ ከተማ ይሠራ ለነበረው ዶክተር ሁ ለሚባል ሌላ ድራማ ይጽፉ ስለነበር ሐሳቡ የመጣላቸው ወደዚያ በባቡር ሲመላለሱ ነው። እኛ ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ የምናባክነውን ሰዓት አስቡት እንግዲህ።

ሰውየው ግን ከዚያ አልጀመረም። ዶክተር ሁ፣ ማለትም በጊዜና በጠፈር የሚዞረው ሰው ድራማ፣ በ1963 ተጀምሮ በ1989 ተቋረጠ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጌቲስ ከልጅነቱ ጀምሮ ነፍሱ ነበር። ሲቋረጥበት በ1992 ያንኑ ጀግና ይዞ ልብወለድ አሳተመ። በ2005 ድራማው ሲመለስ ሦስተኛውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው፤ በ2007 ደግሞ ዕድሜውን ወደ ኋላ የሚመልስ ሳይንቲስት ሆኖ ተወነበት። ከመጽሐፉ እስከ ጻፈው ክፍል 13 ዓመት ነው፣ ልብ በሉ። ወረቀት ርካሽ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ።

ከዚያ ሦስት ሰው ፈልጉ። አሥር ሰው ከሆነ ልምምድ ቀን ግማሹ ይቀራል። ጌቲስም ሁለቱን ጓደኞቹን ያገኘው ትያትር ሲማር ነው፤ ሌላ አንድ ጨምረው አራት ሆነው ሊግ ኦፍ ጀንትልመን የሚባለውን አስቂኝ ድራማ መድረክ ላይ ጀመሩ፣ በ1997 ኤዲንብራ ላይ ተሸለሙ፣ በዚያው ዓመት ሬዲዮ ገቡ፣ ቴሌቪዥን ላይ የታዩት በ1999 ነው። አንዱ ሰው ብዙ ገፀባህሪ ይጫወታል፤ ዊግ ይቀይራል፣ ድምፅ ይቀይራል፣ አለቀ።

መንኮራኩር ከየት ይመጣል? የዶክተር ሁ መንኮራኩር እኮ ከውጭ ሲታይ የፖሊስ ስልክ ያለበት የእንጨት ሳጥን ነው። ቅርጿን እንድትቀያይር ነበር የታሰበው፤ በየክፍሉ አዲስ መሥራት ውድ ስለሆነ ተበላሽታ እንደዚያው ቀረች ተባለ። እኛ ግቢ በር ላይ የዘበኛው ቆርቆሮ ቤት አለች፣ ከዚህ የተሻለ መንኮራኩር አላየሁም። ደግሞ ጀግናውን ጄሰን ብላችሁ እንዳትሰይሙት በናታችሁ። ጫልቱም ማርስ ትደርሳለች።

እኔ የምመክረው በድምፅ ብቻ መጀመርን ነው፣ ምክንያቱም በድምፅ ፕላኔት ማፈንዳትና በር መዝጋት ዋጋቸው አንድ ነው። የኮንዶሚኒየም ባዶ ሳሎን ግን ያስተጋባል። ጋቢ ከላይ ደርባችሁ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ በጎን በኩል እንጂ ፊት ለፊት ሳይሆን ተናገሩ፤ "ጰ" እና "ፐ" ላይ ትንፋሹ ስልኩን ይመታዋል። ጋቢ ውስጥ ይሞቃል፣ ቻሉት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ቅዱ፣ ውሾቹ ሳይጀምሩ። የመንኮራኩሩን ሞተር እኔ የቀዳሁት ከጀበና ነው፤ ቡናው ሊገነፍል ሲል የሚያሰማውን ጉርጉርታ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ።

ሲያልቅ ጎረቤት ቡና ላይ አሰሙት። አስተያየት አትጠይቁ፣ "ጎበዝ ልጅ" ብለው ነው የሚሸኟችሁ። ዝም ብላችሁ እዩ፤ የቤቱ እመቤት ተነስታ ጀበናው ላይ ውሃ የጨመረችበት ቦታ ላይ ቁረጡት።