ገለልተኛ መራጭ ተፎካካሪውን ከመምረጡ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የፓርቲ አባል ያልሆነ መራጭ፣ ሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ትቶ ተፎካካሪውን ሊመርጥ ካሰበ ምክንያቱን በወረቀት ላይ ያስፍር። ንዴት ብቻውን መካሪ አይሆንም።

መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የዛሬ 4 ዓመት ከገባቸው ቃሎች 5ቱን ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን «ሥልጣኑ የእሱ ነበር?» የሚል ዓምድ ያስምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ኮንግረስ ነው፤ መሠረታዊውን የወለድ ምጣኔ የሚወስነው ማዕከላዊ ባንኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ነው። ስለዚህ የቤት ብድር ወለድ ናረ ብሎ ፕሬዚዳንቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በፊርማው ያወጣው ትእዛዝ፣ ያጨው ዳኛ፣ ውድቅ ያደረገው ሕግ ግን የራሱ ናቸው፤ ሳያመነቱ ይቁጠሩበት።

ቀጥሎ ተፎካካሪውን በዚያው ሚዛን ያስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮናልድ ሬገን መራጩን «ኑሯችሁ ከ4 ዓመት በፊት ከነበረው ተሽሏል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሥልጣን ላይ የነበረውን ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርንም ለየግዛቱ በሚመደቡ ወኪል መራጮች ድምፅ 489 ለ49 አሸነፈ። ጥያቄው ስለ ተተኪው ግን ምንም አይነግርም። ለዚያ መታየት የነበረበት፣ ሬገን ካሊፎርኒያን በገዥነት የመራባቸው 8 ዓመታት ነበሩ። ተፎካካሪው ሥልጣን ይዞ የማያውቅ ከሆነ ወጪውን ከየት እንደሚሸፍን የጻፈውን ይፈልጉ፤ ከሌለ ባዶ ብለው ይመዝግቡ።

ሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን በሚለዩበት የፕሬዚዳንት ቅድመ ምርጫ አይሳተፍም። ቨርጂኒያ ግን መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም። የድምፅ መስጫ ወረቀታችሁን በፖስታ ቤት የምትልኩ ደግሞ መመለሻው ፖስታ ላይ መፈረም አትርሱ።