የአማርኛ ጽሑፎችን በኢ-ሪደር ለማንበብ፦ ከካርቶኑ እስከ መጀመሪያው ገጽ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ኪንድል ወይም ኮቦ የሚባል ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ይዞላችሁ መጥቶ ይሆናል። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ነገር ግን በኮምፒውተራችሁ ያለውን ፋይል ሁሉ ወዲያው ለመገልበጥ አትቸኩሉ። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ዝግጅት አማርኛ ለሚያነብ ሰው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጥፋቱ በአብዛኛው የመሣሪያው ሳይሆን ለዓመታት ያከማቸናቸው ፋይሎች ነው።

መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኙት፣ የሚጠይቃችሁን አካውንት ክፈቱ። ምናሌው በአማርኛ ስለማይገኝ እንግሊዝኛውን ምረጡና እለፉ። ገጽ ስትገልጡ ስክሪኑ አልፎ አልፎ ጥቁር ብልጭ ቢል አትደንግጡ፤ የቀደመውን ገጽ ርዝራዥ እያጠራ ነው። ይህ ኢ-ኢንክ የሚባለው ስክሪን ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፊደል ይሠራል፤ ገጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን እንዳለ ለመቆየት ኃይል አይፈልግም። አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ለሳምንታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን በቂ የመግዣ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ፋይሎቹ እንምጣ። አብዛኛው ሰው ያለው ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ስለሚጓዝ አማርኛው ሳይበላሽ ይከፈታል፤ ችግሩ ገጹ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር የማያስተካክል መሆኑ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ። ስለዚህ በ12 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈው ጽሑፍ ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ 200 ገጽ ያለው ጥናት ነበር፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ መነጽሬን መፈለግ ጀመርኩ፣ አምስተኛው ላይ ተውኩት። መሣሪያውን አግድም አዙራችሁ ግማሽ ግማሽ ገጽ ማንበብ ይቻላል፤ ለአጭር ሰነድ ይበቃል፣ ለመጽሐፍ ግን አይመከርም።

ለረጅም ንባብ የሚሆነው ኢፐብ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ፊደሉን ስታሳድጉ መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ጋር ያስተካክላል። ወደ ኢፐብ ለመቀየር ደግሞ የዎርድ ፋይሉ ከተገኘ ከፒዲኤፍ እጅግ ይሻላል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ካዘጋጀው ሰው ዎርዱን ለምኑ። ስካን ተደርጎ የተሠራ ፒዲኤፍ ከሆነ ገጹ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ በመቀየር አትድከሙ።

ዎርዱ ከተገኘ በኋላ አንድ ፈተና አለ፤ ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ላይ ላዩን አማርኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። መለያው ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፤ በሥርዓተ ነጥብ የተሞላ ትርምስምስ ከወጣ በፊደል መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ በቀር ኢ-ሪደሩም የሚያሳያችሁ ያንኑ ነው። ከተለወጠ በኋላ ቁጥሮችንና አራት ነጥቦችን በዓይን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ፈተናውን ያለፈውን ፋይል የምትቀይሩት በካሊበር ነው። ካሊበር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የኖረ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ያውቃል። ዎርዱን በዶክኤክስ ዓይነት አስቀምጡት፤ የድሮውን ዶክ አይቀበልም። ከዚያም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን የዩኒኮድ ፊደል ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ፋይሉን ስትቀይሩ፣ የገጽ መልክ በሚስተካከልበት ክፍል ውስጥ ፊደል የሚከተትበት ቦታ አለ፤ እዚያ ከጫናችሁት አንዱን ምረጡ። መጽሐፉ ፊደሉን በሆዱ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን የዘለለ ሰው በፊደላት ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ሊጠብቁት ይችላሉ። ለኮቦ ውጤቱ ኢፐብ ይሁን፤ ለኪንድል ኤዜድደብልዩ3 (AZW3) የሚባለው የፋይል ዓይነት ይሁን፣ በገመድ የተገለበጠ ኢፐብ ኪንድል ላይ አይከፈትምና።

ካሊበር ከእኛ ጋር የማይስማማበት አንድ ጉዳይ አለ። የደራሲ ስም ሲደረድር የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ስለሚቆጥር አበበ ከበደን «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ከ«ከ» ሥር ይከተዋል። መጽሐፉን የጻፈው ልጁ፣ የሚጠራው አባትየው! በማስተካከያው ውስጥ የደራሲ ስም አደራደርን የሚወስን መስመር አለ፤ ስሙን እንዳለ እንዲገለብጥ አድርጉት። መጻሕፍት ከማስገባታችሁ በፊት ብታደርጉት ይመረጣል፤ እኔ ያደረግኩት ካስገባሁ በኋላ ስለሆነ አንድ ምሽት ሙሉ ስም ሳርም አምሽቻለሁ። የፋይሎቹን ስምም በዚያው አስተካክሉ፦ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ካሏችሁ ከፍታችሁ አንዱን ብቻ አስቀሩ፤ ኢ-ሪደሩ ላይ ከገቡ በኋላ መለየቱ ሦስት እጥፍ ያደክማል።

ማስተላለፉ የቀረው ቀላል ሥራ ነው። መሣሪያውን በገመድ ስታገናኙት ካሊበር ያውቀዋል፤ መጽሐፉን ምረጡና ላኩት። ኪንድል የራሱ የኢሜይል አድራሻም አለው፤ ከ50 ሜጋባይት ያልበለጠ ሰነድ በዚያ መላክ ይቻላል። ነገር ግን የምትልኩበትን አድራሻ አስቀድማችሁ በአካውንታችሁ ከተፈቀዱት ውስጥ መዝግቡት። ፊደል ለከተታችሁበት መጽሐፍ ግን ገመዱን ምረጡ።

ሃምሳ መጽሐፍ ከመጫናችሁ በፊት አንዱን ብቻ ልካችሁ ክፈቱት። ትልቅና ትንሽ «ኤ» ያለበትን ምልክት ነክታችሁ የአሳታሚውን ፊደል (መጽሐፉ በሆዱ የያዘውን) ምረጡ፣ መጠኑን ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጉ፣ ከመሐል አንድ ገጽ ክፈቱ። «ኳ»፣ «ጓ»፣ «ሏ» የመሳሰሉት በትክክል ከተነበቡ ሌሎቹን ላኩ።