ስላይድ ቫልቩ ለሚያፈስባችሁ

ጎንደር ውስጥ ቤታችሁ ቶርኖ ተክላችሁ ትንንሽ የእንፋሎት ሞተር ለምትሠሩ። ሞተሩ ጉልበት ካጣና በማስወጫው በኩል ያለማቋረጥ ሽው ካለ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የስላይድ ቫልቩን (እየተንሸራተተ እንፋሎቱን የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ክዳን) ፊት ነው። ሞረድ ብቻውን ዝርግ አያወጣም። እጅ ስለሚወዛወዝ ጠርዙ ይበላል፣ መሀሉ ያብጣል።

ከመስታወት ቆራጮች 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ቁራጭ ለምኑ፤ ፒያሳ አካባቢ ትርፍራፊ አይጠፋም። ላዩ ላይ ውሃ የማይፈታው 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አርጥባችሁ ለጥፉ። የቫልቩን ፊት በማርከር አጥቁሩና ሳትጫኑ በስምንት ቅርጽ እሹት። ጥቁር የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ማለት ነው። ሙልጭ እስኪል ቀጥሉ፣ ከዚያ በ800 ጨርሱ። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ሥራ ነው!

የሚሠራበት ምክንያት፦ የመስኮት መስታወት በቀለጠ ቲን ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራ በእጅ ከምንሞርደው ሁሉ ይበልጥ ዝርግ ነው። ስትጨርሱ ቫልቩን በሳሙና እጠቡት።

ጋራዥ ቫልቭ የሚያሹበትን ሻካራ ቅባት ግን ነሐስ ላይ አትሞክሩት። የቅባቱ ደቃቅ ፍርፋሪ ነሐሱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና መቀመጫውን (ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ፊት) ሲፍቅ ይኖራል። መቀመጫው ራሱ ጠርዝ ካለው ጉድጓድ ውስጥ ከሆነም ይህ ዘዴ አይደርስበትም፤ እሱ በመፋቂያ ነው የሚሠራው።