ካርታው ሲዞር ጥጉ እንዳይቆረጥ

ጅማ አጠገብ ካለ የቡና ማሳ በድሮን የተነሳ፣ ከመሬት ቦታው ጋር የተያያዘ ምስል ነበረኝ። የቡናው ረድፎች ሰያፍ ስለነበሩ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) 30 ዲግሪ አዞርኩት። ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ጨረሰ። ስከፍተው ግን የችግኝ መደቡ ከነጥጉ የለም።

ሰሌን ጠባብ ክፍል ውስጥ ብታዞሩ ጥጉ ግድግዳ ይነካል። ኮዱ ደግሞ ከግድግዳው ያለፈውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉን አስፉ፦

አዲስ ስፋት = ስፋት × ኮሳይን + ቁመት × ሳይን
አዲስ ቁመት = ስፋት × ሳይን + ቁመት × ኮሳይን

የማዞሪያው ማዕዘን ሳይንና ኮሳይን ኔጌቲቭ ከወጡ ምልክቱን ጣሉት። የእኔ ምስል 1000 በ600 ፒክስል ነበር፤ 1166.03 በ1019.6 መጣ። ሁሌም ወደ ላይ አጠጋጉ፦ 1167 በ1020።

ቀጥሎ ማትሪክስ (ስሌቱን የሚይዝ የቁጥር ሰንጠረዥ) ሥሩ። ሥራው አዲሱ ፒክስል ከአሮጌው ምስል የት እንደሚመጣ መናገር ነው፦ የአዲሱን መሃል ቀንሱ፣ አዙሩ፣ የአሮጌውን መሃል ደምሩ። ይህንኑ ማትሪክስ ሁለት ቦታ ተጠቀሙበት። በሳይፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) አፋይን ትራንስፎርም የተባለው ትዕዛዝ የፒክስሎቹን ዋጋ ያመጣላችኋል። ምስሉን መሬት ላይ የሚያስቀምጡት ስድስት ቁጥሮች፣ ማለትም የራስተሪዮ (የካርታ ምስል የሚያነብና የሚጽፍ የፓይተን ላይብረሪ) ትራንስፎርም፣ በግራ ሆነው በእሱ ሲባዙ ደግሞ አዲሱ ትራንስፎርም ይወጣል። ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ብታዞሩ እንኳ ሁለቱ አብረው ስለሚሳሳቱ ማሳው ከቦታው አይነቃነቅም።

እዚህ ጋ ግማሽ ቀን በልቶኛል። ሳይፓይ ረድፍን ያስቀድማል፣ ራስተሪዮ ዓምድን። ለሳይፓይ ዜሮ የፒክስሉ መሃል ነው፣ ለራስተሪዮ ጥጉ፤ የግማሽ ፒክስሏን ልዩነት አስቡላት። የሳይፓዩን አውትፑት ሼፕ (የውጤቱ መጠን) የሚለውንም በአዲሱ መጠን ሙሉት። ባዶ ከተተወ የድሮውን መጠን ይወስድና ጥጉ እንደገና ይሄዳል።

አዲሶቹ ባዶ ጥጎች ካልነገራችሁት በዜሮ ይሞላሉ። ለከፍታ መረጃ -9999 ስጡና ያንኑ ኖዳታ (መረጃ የሌለበት) ብላችሁ መዝግቡ። 8 ቢት ፋይል ይህን ቁጥር አይችልም፤ አስቀድማችሁ ወደ ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) ቀይሩት።

ቡና 1፣ ጫት 2፣ ደን 3 ተብሎ የተከፋፈለ ካርታ ከሆነ የሳይፓዩን ኦርደር (በፒክስሎች መሃል ያለው ዋጋ የሚገመትበት ደረጃ) ዜሮ አድርጉት። አለዚያ በቡናውና በደኑ ድንበር ላይ ማንም ያልተከለው ጫት ይበቅላል።

ውጤቱን ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ ስትከፍቱት ያልዞረ ይመስላል። አትደንግጡ፤ ፒክስሎቹ ዞረዋል፣ መሬቱ ግን አልዞረም። ለማረጋገጥ የአንድ የታወቀ ነገር ነጥብ በፊትና በኋላ አስተያዩ። ለሳተላይት ምስል የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ጫፍ ይበቃል፤ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ቁጥሩ ያው መሆን አለበት።

ረድፎቹን ቀጥ አድርጎ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኪውጂአይኤስ ግርጌ ላይ ባለችው የማዞሪያ ሳጥን 30 ብላችሁ ጻፉ።