ስለ አርቲስቶች የሚያወራ ፖድካስት ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ማይክ እስክገዛ ብላችሁ አትጠብቁ። ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስልካችሁና የጆሮ ማዳመጫው ይበቃሉ። ድምፅ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ማይኩ ሳይሆን የሚያስተጋባ ባዶ ክፍል ነው። ፍራሹን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋቢ አንጥፉ። ለውጡን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

ለአንድ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ወሬ በቂ ነው።

ከባዱ ሥራ ወሬውን ማጣራት ነው። በሦስተኛው ክፍላችን አንዲት ዘፋኝ ከባለቤቷ ተለያየች ብዬ አወራሁ። አምስት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ስላየሁት እርግጠኛ ነበርኩ። ለካ አምስቱም አንዱ ከሌላው የገለበጡት ነው፤ የፊደል ስህተቱ እንኳ አንድ ዓይነት ነበር። መነሻው በዘፋኟ ስም የተከፈተ የውሸት ገጽ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ እህቷ ደወለችልኝ። «እማዬ ሰምታ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች» አለችኝ። ክፍሉን ወዲያው አጠፋሁት። ሰዎች ቆርጠው ቲክቶክ ላይ የለጠፉትን ግን ማጥፋት አልቻልኩም።

ስለዚህ ስንት ቦታ ተጻፈ ሳይሆን ማን ቀድሞ ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ከላዩ የመጣበትን ቻናል ስም ያሳያል፤ እሱን ተከተሉ። የገጹን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ፣ አስመሳዮች አንዲት ፊደል ብቻ ይቀይራሉ። ፌስቡክ ገጹ መቼ እንደተከፈተና ስሙን ቀይሮ እንደሆነ ያሳያል። ትናንት የምግብ ቤት ገጽ የነበረ ዛሬ የአርቲስት ገጽ ከሆነ ተዉት። ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ፈልጉት፤ የድሮ የሠርግ ፎቶ እንደ አዲስ ሲዞር በዚህ ይያዛል። በመጨረሻም ለራሱ ለአርቲስቱ ወይም ለማናጀሩ ደውሉ። ሕመምና ሞት ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ሳይናገር ትንፍሽ አትበሉ።

ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያንም ይመለከታል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱ ይከብዳል።

ቀረጻው ላይ የምለው ብዙ የለኝም። ስልኩን ከጥሪ ዝጉ፣ አፋችሁን ከማይኩ አንድ ስንዝር አርቁ።

ለኤዲቲንግ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ረጅም ዝምታን ቁረጡ፤ ሳቅን ግን አትንኩ፣ ሰው የሚመጣው ለጨዋታው ነው። ከሥር የሰው ዘፈን አታስገቡ፤ ዩቲዩብ ራሱ ለይቶ ይይዘዋል።

ስትጨርሱ ፋይሉን በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት አውጡት። 30 ደቂቃ ወሬ 14 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በ128 ቢሆን እጥፍ ነው። አድማጫችሁ በካርድ ዳታ ገዝቶ ነው የሚሰማችሁ። መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፣ ከዚያ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ይከተላሉ።