የፈሰሰ ደምና ትውከት እንዴት በጥንቃቄ ይጸዳል?

ልጅ ሌሊት አስመልሶ ወይም የአንድ ሰው አፍንጫ ነስሮ ወለሉ ሲበላሽ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እርጥብ መወልወያ ነው። ወዲያና ወዲህ ያሽበታል፣ በላዩ በረኪና ይረጭበታል፣ የበረኪናው ሽታ ሲመጣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የጽዳት ሠራተኞችን በማሰልጠን ዓመታት አሳልፌያለሁና ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ዛሬም ባየሁት ቁጥር ያስጨንቀኛል። መወልወያው አንድ ቦታ የነበረውን ተሕዋሲ ለክፍሉ ሁሉ አዳርሶታል። በረኪናውም የመሥራት ዕድል አላገኘም።

በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ ፈንገሶችና ጥገኛ ተሕዋስያን እንደ አደገኛነታቸው በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ እንደ ኢቦላ ያሉት የሚገኙት እጅግ አደገኛ በሆነው በአራተኛው ነው። ወለል ላይ የፈሰሰ ደም ግን ምድቡን አይናገርም። የደማው ሰው ፍጹም ጤነኛ ይመስል ይሆናል፤ እሱም ራሱ በደሙ ውስጥ ያለውን አያውቅ ይሆናል። ስለዚህ የማንንም ደም፣ የገዛ ወንድምዎንም ቢሆን፣ ተሕዋሲ እንዳለበት ቆጥረው ይያዙት። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል። የሆድ ሕመም የሚያስከትለው ኖሮቫይረስ ደግሞ ሰውን ለማሳመም ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች ይበቁታል።

መጀመሪያ ሰዎችን፣ በተለይ ሕፃናትን፣ ከስፍራው ያርቁና መስኮት ይክፈቱ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ በፕላስተር ይሸፍኑና ጓንት ያጥልቁ። ትውከት ከሆነ ወይም ፈሳሹ የሚፈናጠር ከሆነ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይጨምሩ።

ቀጥሎ በረኪናውን ያዘጋጁ። ለደም የሚመከረው 0.5 በመቶ ክሎሪን ያለው ውህድ ነው። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ይቀላቅሉ፤ 4 በመቶ ከሆነ ውኃው ሰባት እጅ ይሁን። ሙቅ ውኃ የበረኪናውን ኃይል ያዳክማል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ስለማያገለግል የትናንቱን ይድፉት። ከኮምጣጤ፣ ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የተሰበረ ብርጭቆ ወይም መርፌ ካለ በመቆንጠጫ ያንሱና በማይበሳ ዕቃ ውስጥ ይክተቱ። ጓንት ስለቱን አይመልስም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የፈሰሰውን በወረቀት ፎጣ ወይም በሚጣል ጨርቅ ይሸፍኑትና እንዲመጥጠው ይተዉት። ከዚያ ከዳር ወደ መሐል እየሰበሰቡ ያንሱ፤ ከመሐል ወደ ዳር ከሄዱ ብክለቱን እያሰፉት ነው። ደም መድረቅ የሚጀምረው ከጠርዙ ስለሆነ መሐሉ ሲነሳ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ይቀራል፤ በሴራሚክ መጋጠሚያው ውስጥም ቀጭን መስመር ይደበቃል። እነዚህን በሳሙናና በውኃ በደንብ ፈትገው ያስለቅቁ። የደረቀውን በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ አቧራው ይነሳል። ያነሱትን ሁሉ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምረው አፉን ይቋጩ።

በረኪናው የሚፈሰው ከዚህ በኋላ ነው። ክሎሪን ተሕዋሲውን ከደሙና ከምግቡ ለይቶ አያጠቃም፤ ያገኘው ላይ ሁሉ ኃይሉን ይጨርሳል። በደም ኩሬ ላይ ያፈሰሱት በረኪና በደሙ ፕሮቲን ተበልቶ ያልቃል፣ ከሥር ያለው ቫይረስም ይተርፋል። በጸዳ ወለል ላይ ሲያፈሱት ግን የሚያጠቃው የቀረውን ተሕዋሲ ብቻ ይሆናል። ስፍራው ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ከደረቀ ይጨምሩበት። ሰዓትዎን አይተው ይጠብቁ፤ በግምት የተጠበቀ 10 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ሦስት እንኳን አይሞላም። ትውከት ሲሆን ብናኙ ዓይን ከሚያየው በላይ ስለሚርቅ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሜትር፣ የበር እጀታውን ጨምሮ፣ ያጽዱ።

ክሎሪን ሰውን ሲያድን የቆየው ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ኢግናዝ ሰመልቫይስ ሬሳ መርምረው ወደ ወላዶች ክፍል የሚገቡ ሐኪሞችን እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውህድ እንዲታጠቡ አስገደዳቸው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በሰኔ ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና ያልታወቀበት ጊዜ ነበር። ክሎሪንን የመረጠው የሬሳን ሽታ ስለሚያጠፋ ነው።

በመጨረሻ ወለሉን በውኃ ያለቅልቁ። የአንዱን ጓንት ውጫዊ ክፍል አንጓ ላይ ቆንጥጠው ገልብጠው ያውልቁ፤ የሁለተኛውን ግን ባዶ ጣትዎን ከውስጥ አስገብተው ያውልቁት። ከዚያ እጅዎን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ይታጠቡ። ኖሮቫይረስ ላይ የእጅ ማጽጃ አልኮል ደካማ ስለሆነ ሳሙናን አይተካም። የተበከለ ልብስ ሳይራገፍ ለብቻው በ60 ዲግሪ ይታጠብ።

መርፌ ወይም ስለት ቢወጋዎትስ? ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ። ቁስሉን አይጭመቁት፣ በረኪናም አያስነኩት። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውኃ ያጥቡት። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ካሰለጠንኳቸው መካከል አንዲት ሠራተኛ በመርፌ መወጋቷን የነገረችኝ በአራተኛው ቀን ነበር፤ «ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ያ ቀን ከልቤ አልወጣም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ያልተከተበ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወስደው ይመረጣል፤ ያልተከተበ ሰው የተበከለ ደም ባለበት መርፌ ሲወጋ ሄፓታይተስ ቢ የመተላለፍ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሲደርስ የኤችአይቪ 0.3 በመቶ ያህል ነውና። ሰዓቱ ካለፈም ቢሆን ይሂዱ፤ ደምዎ ተመርምሮ ክትትል ይደረግልዎታል።

ትውከት ካጸዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከጀመረዎት፣ ሕመሙ ከቆመ 48 ሰዓት እስኪሞላው ለሌላ ሰው ምግብ አያዘጋጁ።